ታሪካችንን ማን ነገረን? ጁርጂ ዘይዳን፣ የፍቅር ልብ ወለድና እኛ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ጥያቄ እናስቀድም። ስለ ኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ የምታውቁትን ከየት አወቃችሁት? ስለ አንደሉስ መከፈት፣ ስለ ሰላሑዲን፣ ስለ ኦቶማኖች የምታውቁትንስ? ኪታብ ከፍታችሁ ነው? ሸይኽ ፊት ቁጭ ብላችሁ ነው? ወይስ ከድራማ፣ ከልብ ወለድና ከሁለት ደቂቃ ቪዲዮ?

መልሱን ለየራሳችሁ እንተወው። ዛሬ የምናወራው ግን ይህንን መንገድ ከመቶ ዓመት በፊት በብዕሩ ስለጠረገ አንድ ሰው ነው። ስሙ ጁርጂ ዘይዳን ይባላል። ብዙ ወጣት ስሙን ላያውቀው ይችላል። እሱ ያስፋፋቸው ወሬዎች ግን ዛሬም በየቻናሉ ይዞራሉ። ታሪኩን የምናነሣው የሞተን ሰው ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በእሱ ታሪክ ውስጥ የራሳችን ፊት ስለሚታይ ነው።

ሰውየው ማን ነበር?

ጁርጂ ዘይዳን እ.ኤ.አ. በ1861 ቤይሩት ውስጥ ከኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ያልተማረ፣ አነስተኛ ምግብ ቤት የነበረው ሰው ነው። ልጁ ገና በለጋነቱ ከትምህርት ተነሥቶ አባቱን በምግብ ቤቱ ያግዝ ጀመር። ጫማ መስፋትም ተምሯል። እንግሊዝኛን የተማረው በማታ ትምህርት ነው። በ1881 የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ባቋቋሙት፣ ዛሬ የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ኮሌጅ ሕክምና ለመማር ገባ። በዓመቱ አንድ መምህር ዳርዊንን አወድሶ ንግግር በማድረጉ ከሥራው ሲነሣ ተማሪዎች አመፁ፤ ዘይዳንም ኮሌጁን ጥለው ከወጡት አንዱ ሆነ።

ከዚያ ወደ ካይሮ ተሻገረ። ጋዜጣ ላይ ሠራ። በ1884 እንግሊዞች ኻርቱም ላይ በመህዲው ጦር የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማውጣት ሲዘምቱ፣ አስተርጓሚ ሆኖ አብሯቸው ወደ ሱዳን ሄደ። ተመልሶ ቋንቋ አጠና፣ አስተማረ፣ ጻፈ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1891 ወጣ። በ1892 ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሚታወቅበትን «አል-ሂላል» የተባለውን መጽሔት ካይሮ ላይ መሠረተ። በ1914 በድንገት እስከሞተበት ቀን ድረስ ከ20 በላይ ልብ ወለዶች ጽፏል። አምስት ቅጽ ያለው የእስልምና ሥልጣኔ ታሪክ፣ አራት ቅጽ ያለው የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክና ሌሎችም መጻሕፍት አሉት።

ኢንሷፍ ይኑረን። ለሰው ሐቁን መስጠት ዲናችን ያዘዘን ነገር ነው። ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም። ከሳህን አጣቢነት ተነሥቶ፣ ያለ ሀብታም ዘመድ፣ ያለ መንግሥት ድጋፍ፣ በ22 ዓመት ውስጥ አንድ ተቋም የማይሠራውን ሥራ ሠርቷል። እኛ የምንሟገተው ከትጋቱ ጋር አይደለም። ሙግታችን ታሪካችንን በምን ጠቅልሎ እንደሸጠልን ነው።

መጽሐፉን እንዴት ሸጠው?

ዘይዳን አንድ ነገር በደንብ ገብቶታል። ሰፊው ሕዝብ ደረቅ የታሪክ ኪታብ ቁጭ ብሎ አያነብም። የፍቅር ታሪክ ግን ያነባል። ስለዚህ ታሪኩን በፍቅር ጠቅልሎ አቀረበው። እሱ ራሱ ዓላማው ሰዎችን ወደ ታሪክ ንባብ መሳብ እንደሆነ ይናገር ነበር። አንዳንድ የአውሮፓ ደራሲዎች ታሪክን የልብ ወለዳቸው አገልጋይ እንደሚያደርጉት፣ የእሱ ግን በተቃራኒው ልብ ወለዱ ለታሪክ የሚታዘዝ መሆኑን ያስረዳ ነበር።

አሁን የሽያጩን ብልሃት ተመልከቱ። መጽሔቱ የራሱ ነው። አዘጋጁ እሱ ነው። ደራሲው እሱ ነው። ልብ ወለዱ በመጽሔቱ ላይ በየክፍሉ ይወጣል፤ አንባቢው ቀጣዩን ክፍል እየናፈቀ ይጠብቃል፤ ሲያልቅ በመጽሐፍ ታትሞ ለገበያ ይቀርባል። በአማካይ በዓመት አንድ ልብ ወለድ ያወጣ ነበር። አንባቢዎች ጥያቄ የሚልኩበት ዓምድም ስለነበረው የሚጽፍላቸውን ሰዎች ፍላጎት ከራሳቸው አፍ ይሰማል። ዛሬ «ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት፣ ይቀጥላል» እያሉ ተከታይ የሚሰበስቡ ገጾች የሚሠሩበትን ዘዴ ዘይዳን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ይሠራበት ነበር።

ዋናው የማስታወቂያ ብልሃቱ ግን ስሙ ነው። የልብ ወለዶቹ ተከታታይ የወጣበት ስም «የእስልምና ታሪክ ልብ ወለዶች» የሚል ነበር። ልብ በሉ! «የጁርጂ ዘይዳን የፍቅር ታሪኮች» አላለውም። በሽፋኑ ላይ «የእስልምና ታሪክ» የሚል ቃል አለ። ከገጹ ግርጌ ደግሞ እንደ ጦበሪና ኢብኑል አሢር ያሉ የታላላቅ ዑለማዎች ኪታብ ይጠቀሳል። አንባቢው ግርጌው ላይ የጦበሪን ስም ሲያይ ከላይ ያለው ሁሉ ከጦበሪ የመጣ ይመስለዋል። ከላይ ያለው ግን ግማሹ ከኪታብ፣ ግማሹ ከደራሲው ምናብ የመጣ ነው። የትኛው የት እንደሚያልቅ የሚለይ መስመር የለም።

መጻሕፍቱ ወደ ፋርስኛ፣ ወደ ቱርክኛ፣ ወደ ኡርዱና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተተረጎሙ። እሱ ከሞተ በኋላ ልጆቹ ሥራውን ቀጠሉ፤ መጻሕፍቱም እስከ ዛሬ ደጋግመው ይታተማሉ። በዚህ በእኛ ዘመን ደግሞ በስሙ አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ፋውንዴሽን ልብ ወለዶቹን በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ አሳትሟል። የማስተዋወቁ ሥራ ደራሲው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላም አልቆመም ማለት ነው።

የተሸጠው ታሪክ ምን ይመስላል?

ሦስት ምሳሌ እንይ።

አንደኛ፦ «ዐባሳ፣ የረሺድ እህት»። ይህ ልብ ወለድ በ1906 ወጣ። ወሬው እንዲህ ነው፦ ኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ እህቱን ዐባሳንና ወዳጁን ጃዕፈር አል-በርመኪን አንድ መድረክ ላይ ማስቀመጥ ስለፈለገ፣ እንደ ባልና ሚስት እንዳይገናኙ በሚል ቅድመ ሁኔታ ኒካሕ አሰረላቸው። እነሱ ግን በድብቅ ተገናኙ፤ ልጅ ወለዱ፤ ሃሩን ሲያውቅ ጃዕፈርን ገደለ፤ የበርመኪዎች ቤትም በዚህ ፈረሰ።

ይህንን ወሬ ዘይዳን አልፈጠረውም። በጥንት ኪታቦች ውስጥ፣ በጦበሪም ጭምር፣ ከሌሎች ዘገባዎች ጎን ተመዝግቧል። ጦበሪ ግን በኪታቡ መግቢያ ላይ የደረሰውን እንደደረሰው እንደሚያስተላልፍ፣ ተጠያቂነቱም የነጋሪዎቹ እንደሆነ አስቀድሞ አሳውቋል። ከልብ ወለዱ 500 ዓመት በፊት ደግሞ ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማው ላይ ይህንን ወሬ በስም ጠርቶ ውድቅ አድርጎታል። የበርመኪዎች መውደቅ ምክንያቱ የመንግሥቱን ሥልጣንና ገንዘብ በእጃቸው ማስገባታቸው፣ ኸሊፋው ከገዛ ግምጃ ቤቱ ጥቂት ገንዘብ ሲፈልግ እንኳ እነሱን የሚለምን እስኪመስል መድረሱ እንደሆነ አስረድቷል።

እንግዲህ ደራሲው ፊት ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ የሥልጣንና የግብር ጉዳይ ነው፤ እውነትነቱ የሚያመዝነው ይኸኛው ነው፣ ነገር ግን አይሸጥም። ሌላው የመኝታ ቤት ምስጢር ነው፤ ደካማ ነው፣ ግን ይሸጣል። የትኛውን እንደመረጠ ርዕሱ ይናገራል።

ሁለተኛ፦ «17 ረመዷን»። ይህ የዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) መገደል ታሪክ ነው። በልብ ወለዱ መሐል የቆመችው ቀጣም የምትባል፣ አባቷና ወንድሟ ነህረዋን ላይ የተገደሉባት፣ ለመህሯ የዐሊይን ደም የጠየቀች ቆንጆ ሴት ናት። ቀጣምም በጥንት ኪታብ አለች። ነገር ግን እዚያው ኪታብ ውስጥ ቀድሞ የተጻፈ ሌላ ነገር አለ። ከኸዋሪጅ የሆኑ ሦስት ሰዎች መካ ላይ ተገናኝተው ዐሊይን፣ ሙዓዊያንና ዐምር ኢብኑል ዓስን በአንድ ቀን ለመግደል ተማምለዋል። ከሦስቱ አንዱ ኢብን ሙልጀም ነው። ቀጣምን ያገኛት ከዚያ በኋላ ኩፋ ሲደርስ ነው።

ልዩነቱ ገባችሁ? በታሪኩ ዐሊይን (ረ.ዐ) የገደላቸው ሙስሊምን በወንጀሉ ካፊር የሚል፣ ደሙን የሚያፈስስ ጠማማ አመለካከት ነው። ይህ አመለካከት ዛሬም ሰው ይገድላል። ወጣቱ ሊማረው የሚገባ ትልቅ ትምህርት ነበር። በልብ ወለዱ ግን ዓይናችን የሚተከለው በሴትዮዋ ቁንጅናና ቂም ላይ ነው። አንድ የጥመት መንገድ ወደ አንድ ሴት ተንኮል አነሰ። ትምህርቱ ጠፋ፣ ወሬው ቀረ።

ሦስተኛ፦ «የአንደሉስ መከፈት»። ጧሪቅ ኢብን ዚያድ በ711 ባሕሩን ተሻግሮ ኢቤሪያን የከፈተበት ታሪክ ነው። እዚህም መሐል ላይ ፍሎሪንዳ የምትባል የገዢው የዩልያን ልጅ፣ እሷን የሚመኝ ንጉሥ ሮድሪክና የምትወደው አልፎንሶ አሉ። የዩልያን ልጅ ተደፈረች የሚለው ወሬ ጥንታዊ ነው፤ «ፍሎሪንዳ» የሚለው ስም ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስፔን ውስጥ የተጨመረ ነው። የጎቶች መንግሥት በውስጥ የሥልጣን ሽኩቻ መዳከሙ፣ የሰሜን አፍሪካ በርበሮች መስለም፣ የሙሳ ኢብን ኑሶይር አመራር ሁሉ ከአንዲት ልጅ እንባ ኋላ ይሰለፋሉ።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። የግብፅ መከፈት የሙቀውቂስ ልጅ በተባለችው በአርማኑሳ ፍቅር ይነገራል። የዑሥማን (ረ.ዐ) መገደልና ከዚያ የተከተለው ፊትና በአንዲት ወጣት ፍቅር ይታጀባል። ከርበላ እንኳ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጅ ደም የፈሰሰበት ከርበላ፣ «የከርበላዋ ቆንጆ» በሚል ርዕስ ለገበያ ወጥቷል። ወላሂ ይህ ርዕስ ብቻውን ብዙ ይናገራል!

«ልብ ወለድ እኮ ነው!»

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ ይላሉ፦ «ልብ ወለድ ነው ብሎ ጽፏል፤ ሰው ልብ ወለድ መሆኑን እያወቀ ያነበዋል፤ ምን ችግር አለው?»

መልሳችን ይህ ነው። ሰው ሲያነብ ልብ ወለድ መሆኑን ያውቃል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲያስታውሰው ግን ከየት እንዳነበበው አያስታውስም። በአእምሮው የሚቀረው ሥዕሉ ነው። «ሃሩን አር-ረሺድ» ሲባል ዓመት ለሐጅ፣ ዓመት ለዘመቻ የወጣው ኸሊፋ አይመጣለትም፤ የሚመጣለት በእህቱ ምክንያት ወዳጁን ያረደው ሰው ነው። ሰነዱ ይጠፋል፣ ሥዕሉ ይቀራል።

ሌሎች ደግሞ «ሰውን ወደ ታሪክ ንባብ ይስባል» ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆንበት ሰው አለ፤ አንሸሽገውም። ልብ ወለዱን ጨርሶ «እስቲ እውነቱን ልይ» ብሎ ኪታብ የሚከፍት ሰው ለራሱ ጠቅሟል። ነገር ግን በሩ ላይ ቆሞ የቀረውን ቁጠሩት። ጣፋጭ የበላ ልጅ እራት አምጡልኝ አይልም።

የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብ በዲን እንዴት ይታያል የሚለውን እዚህ አናነሣም፤ እሱ የዑለማዎች ጉዳይ ነው። የእኛ ጥያቄ ስለ እውነትና ስለ ሐሰት ነው። የእኛ ኡመት አንድ ሐዲሥ ሲነገረው «ማን ነገረህ? እሱንስ ማን ነገረው?» ብሎ የሚጠይቅ ኡመት ነው። የነጋሪን ማንነት ለማጣራት ከአገር አገር በግመል የተጓዙ ሰዎች ልጆች ነን። ቁርኣን ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዝዞናል። ታዲያ በሰሓቦች ታሪክ ላይ ሲሆን ጥያቄው ለምን ይቀራል?

ሁለት ዓይነት ምላሽ

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደረስን። ሙስሊሞች ለዘይዳን የሰጡት ምላሽ ሁለት ዓይነት ነበር።

የመጀመሪያው በ1910 ሆነ። አዲስ የተከፈተው የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ዘይዳንን የእስልምና ታሪክ እንዲያስተምር ጋበዘው። እሱም ተዘጋጀ። ከዚያ ክርስቲያን የእስልምናን ታሪክ ማስተማሩን ሕዝቡ አይቀበልም በሚል ግብዣው ተሰረዘ። ምን ስህተት እንደጻፈ አልተነገረም። የትኛው ገጽ ላይ ምን እንዳጣመመ አልታየም። በሃይማኖቱ ምክንያት ብቻ በሩ ተዘጋበት። ውጤቱስ? ዘይዳን ተበዳይ ሆኖ ወጣ። ልብ ወለዶቹ መሸጣቸውን ቀጠሉ። ከዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውጪ ያለው አንባቢ ከድሮው የተለየ ነገር አላወቀም።

ሁለተኛው ምላሽ ከሕንድ መጣ። ሺብሊ ኑዕማኒ የተባለው ታላቅ ዓሊም ተነሣ። ሺብሊ የዘይዳንን የእስልምና ሥልጣኔ ታሪክ ከፊቱ ዘረጋ። አራተኛው ቅጽ በኦክስፎርዱ መምህር በማርጎሊውዝ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1907 ስለወጣ ነገሩ የዐረብኛ አንባቢ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ሺብሊ ዘይዳን የጠቀሳቸውን ኪታቦች አንድ በአንድ እየከፈተ «እዚህ ላይ ቆርጠህ ጠቅሰሃል፣ እዚህ ላይ ከነገሩ ስፍራ አውጥተሃል፣ እዚህ ላይ ኡመዊዮችን በድለሃል» እያለ በዐረብኛ መልስ ጻፈ። ረሺድ ሪዳም ይህንን ትችት በ«አል-መናር» መጽሔት ላይ በ1912 አወጣው። መልሱ ዛሬም ይነበባል።

ሺብሊ ግን በትችት ብቻ አላቆመም። ይህችን ነጥብ አስምሩባት። ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) «አል-ፋሩቅ» የተባለውን ሰፊ መጽሐፍ ቀድሞ ጽፎ ነበር። የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ዑመር አስቃጠሉ የሚለውን ወሬ ለማፍረስ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅቷል። በመጨረሻም የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ መጻፍ ጀምሮ ሳይጨርሰው ሞተ፤ ተማሪው ሱለይማን ነድዊ ቀጠለው። ሺብሊና ዘይዳን የሞቱት በአንድ ዓመት በ1914፣ በአራት ወር ልዩነት ነው። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ሲጽፉ ነበር።

ወጣቶች ሆይ! ዛሬ አንድ ሰው ስለ ዲናችን ታሪክ የተጣመመ ነገር ሲጽፍ የእኛ ሰፈር የትኛውን መንገድ ይመርጣል? «ሪፖርት አድርጉት! ገጹ ይዘጋ! ማን ነው እሱ ስለ እኛ የሚጽፈው!» ይህ የ1910 መንገድ ነው። ገጹ ይዘጋል፣ ነገ በሌላ ስም ይከፈታል፣ ወሬውም አብሮ ይከፈታል። የሺብሊ መንገድ ረጅም ነው፤ ዐረብኛ ይጠይቃል፣ ኪታብ ይጠይቃል፣ ሌሊት ይጠይቃል። ግን ወሬውን ከሥሩ የሚነቅለው እሱ ነው።

ውሸቱ ሲያሞግሰንስ?

አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸኛው ይበልጥ ያታልላል። «እነሱ በፍቅር ታሪክ ካጣመሙት፣ እኛም በፍቅር ታሪክ እናስተካክለው» የሚል መንገድ ነው።

በዐረቡ ዓለም ዐሊይ አሕመድ ባከሢር በ1945 «ዋ ኢስላማህ» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ። ሱልጧን ቁጡዝ ሞንጎሎችን በ1260 ዐይን ጃሉት ላይ ያቆመበት ታሪክ ነው። ስሜት ያለው፣ ኢማን ያለው ሥራ ነው። ግን መሐሉን የሚያያይዘው የቁጡዝና የጁልናር ፍቅር ነው። በፓኪስታን ነሲም ሒጃዚ፣ ዘይዳን በሞተበት ዓመት የተወለደው፣ በኡርዱ ተመሳሳይ ጀግና አፍቃሪዎችን ፈጥሮ ትውልድ አሳድጓል። ነጥቡን አስተውሉ። ቀለሙ ተቀየረ እንጂ ዕቃው አልተቀየረም።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በ2011 «ታላቁ ክፍለ ዘመን» የተባለው የቱርክ ድራማ ሱልጧን ሱለይማንን በሐረም ውስጥ በሴቶች ሽኩቻ መሐል ሲያሳይ ሙስሊሙ ተቆጣ። «46 ዓመት የገዛ፣ ዕድሜውን በኮርቻ ላይ የጨረሰ ሱልጧን እንዲህ ይሳላል?» ተባለ። ቁጣው ትክክል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ «ኤርቱግሩል» መጣ፤ ያው ሙስሊም በደስታ አለቀሰ። በሰነድ ብንሄድስ? ስለ ኤርቱግሩል ከራሱ ዘመን የቀረልን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የልጁ የዑሥማን ሳንቲም ላይ ስሙ አለ፤ ስለ እሱ የሚተርኩት የኦቶማን የታሪክ መጻሕፍት የተጻፉት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። አምስት ሲዝን ሙሉ ያየነው ፍቅር፣ ንግግርና ሤራ በአብዛኛው የጸሐፊዎች ፈጠራ ነው።

ድራማ ሲሰድበን «ውሸት ነው!»፣ ሲያሞግሰን ግን «ታሪካችን!» ብንል ሚዛናችን ሐቅ መሆኑ ቀርቶ ስሜታችን ሆነ ማለት ነው። በሚያሞግስ ውሸት ያደገ ወጣት አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በቂ ንባብ ያለው አንድ ተከራካሪ ፊት ሲቀመጥ ምን ይሆናል? ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ያውቀው የነበረው ተረት መሆኑ ሲነገረው እውነቱንም ጭምር ይጠራጠራል። ወይ መልስ ስለሌለው ይጮኻል፣ ይሳደባል። ሁለቱንም ዓይነት ወጣት በየግቢው እያየን ነው። አደጋው ይህ ነው። የጠፋው የአንድ መጽሐፍ እውነት ብቻ አይደለም፤ ወንድማችን የሚቆምበት መሬት ነው።

የእኛስ ታሪክ?

ይህ ሁሉ የካይሮና የኢስታንቡል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግብፃዊው ሐኪምና ደራሲ ነጂብ አል-ኪላኒ «ጥቁሩ ጥላ» የሚባል የዐረብኛ ልብ ወለድ አለው። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በልጅ ኢያሱ ዘመን በነበረችው በሐበሻ ላይ ነው። ልብ በሉ! የእኛን አገር ታሪክ በሺህ የሚቆጠሩ ዐረብ አንባቢዎች ያወቁት ከአንድ ግብፃዊ ልብ ወለድ ነው። እሱ ለወንድሞቹ ተቆርቁሮ ጻፈ፤ አላህ ይማረው። ግን ጥያቄው ይቀራል። እኛስ ምን ጻፍን?

ሐረር ውስጥ በእጅ የተጻፉ ኪታቦች አሉ። ወሎ ውስጥ በጀማ ንጉሥ፣ በዳና፣ በሌሎችም የዒልም ማእከላት ስንት ትውልድ ቀርቷል። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ አለ። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና ሰፊ ጥናት ሠርተው በ2001 በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ይህ ጽሑፍ ከሚደርሳቸው ወጣቶች ስንቱ ይህንን መጽሐፍ በእጁ ይዞ ያውቃል? የኤርቱግሩልን ጦረኞች ስም ግን በቃሉ የሚጠራ ስንት አለ?

ዘይዳንን ማሸነፍ የሚቻለው እሱን በመርገም አይደለም። እሱ ባዶ ሜዳ አገኘና ገባ። ዛሬም ሜዳው ባዶ ከሆነ ነገ ሌላው ይገባል፤ ያ ሰው ክርስቲያንም ሊሆን ይችላል፣ ሙስሊምም ሊሆን ይችላል፣ ምንም የማያምን ነጋዴም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ድራማ አይተህ፣ ልብ ወለድ አንብበህ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ «ይህን ማን ነገረው?» መልስ ካላገኘህ ለሌላ ሰው እንደ ታሪክ አታውራው። ለአንቺም እህቴ እንዲሁ ነው፤ ለልጆችሽ የምትነግሪው ተረት ከሆነ ተረት ነው ብለሽ ንገሪያቸው።

ሁለተኛ፦ ሰው ሲያጣምም በመጀመሪያ ገጹን አምጡ። «ይህ ሰው ጠላት ነው» ከማለታችን በፊት «እዚህ ገጽ ላይ ይህን ብሏል፣ ምንጩ ግን ይህን ይላል» እንበል። ይህ የሺብሊ ሱንና ነው፤ የተከራካሪውንም ልብ ሊከፍት ይችላል።

ሦስተኛ፦ ዐረብኛ ተማሩ። ጦበሪን በራሳችሁ ዓይን እስካላያችሁ ድረስ ሌላው የሚመርጥላችሁን ብቻ ትሰማላችሁ። መድረሳ ገብታችሁ ለመማር ጊዜው አላለፈም።

አራተኛ፦ ጻፉ። አያቶቻችሁ በሕይወት እያሉ ስለ ሸይኾቻቸው፣ ስለ መስጂዳቸው፣ ስላሳለፉት መከራና ደስታ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ስማቸውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን አስቀምጡ። ሲጠራጠሩ «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለታቸውን ሳይቀር ጻፉት። በሥነ ጽሑፍ ተሰጥዎ ያላችሁም ልብ ወለድ ጻፉ፤ እኛ አንከለክልም። ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ይህ ከኪታብ ነው፣ ይህ ከእኔ ነው ብላችሁ ለዩ። ዘይዳን ያላሰመራትን መስመር እናንተ አስምሩ።

የቤይሩቱ ልጅ ሳህን እያጠበ፣ ጫማ እየሰፋ፣ በማታ እየተማረ የአንድ ኡመት ታሪክ ነጋሪ ለመሆን በቃ። ስልክ በኪሱ፣ ኪታብ በስልኩ፣ ሸይኽ በሰፈሩ ያለው ወጣት ምን ምክንያት ያቀርባል?

ወላሁ አዕለም።  አንብባችሁ ከተጠቀማችሁ ለወንድሞቻችሁና ለእህቶቻችሁ አጋሩት።